አልቴ እዚህ የለችም

ማክሰኞ ማታ ነው፣ የሥጋው ሳህን ሁሉ ገብቶ፣
አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ ተቆጥቶ፤
ቀይ መብራት ግንባሩ ላይ፣ ሆዱ ውስጥ ቅባታም ውሃ፣
ወለሌ ኩሬ ሆነ በዚህ በበረሃ።
ኪርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ፤
ዋስትናው ካለቀ ሰንብቷል፣ ኩባንያው ከዕዳው ነጻ።

ፎጣ ደራርቤ፣ ተንበርክኬ ሳደርቅ፣
ልጄ ኖፋር በስልኳ ዋጋ ስትጠይቅ፦
"አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሥራ?
አዲሱን በስድስት ክፍያ፣ ያለ ወለድ፣ በየተራ፤
ድምፁ እንኳ አይሰማም፣ ደግሞ ያስባል በራሱ።"
"ማሰቡን ለኔ ይተወው፣ እሱ ይጠብ ለነፍሱ።"

ይህንንም የገዛችው እሷው ናት፣ ከጦር ስትሰናበት፤
ጓደኞቿ ህንድ ሲሄዱ፣ ገንዘቧ አለቀ እዚህ ቤት።
"እጅሽ ይረፍ" ነበር ያለችኝ፤ አሁን ረስታዋለች፤
እኔ ግን በነካሁት ቁጥር ሃያ አንድ ዓመቷ ነች።

ከዚያ በፊትማ ማሽኑ እኔው ነበርኩ፤
በአስቀሎን ሰርግ አዳራሽ ዘጠኝ ዓመት አጠብኩ፤
አራት መቶ እንግዳ፣ ሦስት ሳህን ለሰው፣
ሙሽራዋን አላየኋት፣ ትራፊዋን ነው የማውቀው።
አንድ ሐሙስ አንጓዬ አበጠ፤ አለቃው እጄን አየና፣
"ሂጂ ዕረፊ" አለኝ፤ እሑድ ስመለስ በጤና፣
ሽርጤን አንዲት ልጅ ታጥቃ ቆማለች በቦታዬ፤
ሰውን ማን ይጠግናል? ይቀየራል እንጂ፣ ጌታዬ።

አርብ ጠዋት ዙራብ መጣ፣ ጆርጂያዊ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ፤
ዕብራይስጡ እንደኔው ሰባራ፣ ጉልበቱ እንደኔው ሕመምተኛ።
ሆድ ዕቃውን ዘርግፎ ወለሉ ላይ ደረደረው፤
የዚህ አገር ውሃ ኖራ ነው፣ ማሞቂያውን ድንጋይ አስመሰለው።
"የኛ አገር ውሃ እንዲህ አልነበረም" አለኝ።
"የኛም" አልኩት።
ዝም አልን።
"ማሞቂያው አራት መቶ ሰማንያ፣ የኔ ጉልበት መቶ ሃምሳ፤
ፓምፑ ግን ደክሟል፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት... መልሶ ደግሞ ቢያፈስሳ?"
"አንተ ብትሆንስ?" አልኩት። ብሎኑን አገላብጦ አየ፤
"እኔማ ጠጋኝ ነኝ" ብሎ ሲስቅ ጎደሎ ጥርሱ ታየ።

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን" ይላል ያገሬ ሰው፤
ይህን ሰይጣን አውቀዋለሁ፣ በሩን በጉልበቴ ነው የምመልሰው፤
ሲጀምር እንደሚያስነጥስ፣ ሲጨርስ እንደሚያቃስት፣
የላይኛው መደርደሪያ በክር እንደታሰረበት።
ግን ስድስት መቶ ሠላሳ ሸቀል፣ ለሽማግሌ መድኃኒት?
የአዲሱ ሲሶ እኮ ነው፤ ቢሞትስ ከነገ ወዲያ፣ ድንገት?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ከታች መኪናው ደረሰ፤
በድምፅ ማጉያ "አልቴ ዛኽን!" እያለ ሰፈሩን አመሰ።
እዚህ አገር ስገባ፣ ሰው የጠፋበት መስሎኝ ነበር፤
አልቴ የምትባል ሚስቱን በየሳምንቱ ሲዞር፣ ሲቸገር፤
አሳዝኖኝ "እግዜር ያገናኝህ" እለው ነበር ከመስኮት፤
"አሮጌ ዕቃ ማለት ነው" ያለችኝ ጎረቤቴ ነች፣ በሌላ ዓመት።

"እማ፣ ፍጠኚ" አለች ኖፋር፣ "በነጻ ይወስደዋል።"
ዙራብ ብሎን በጥርሱ ነክሶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

መስኮቱን ከፈትኩና፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣
በዕብራይስጥ አይደለም፣ በአማርኛ ተጣራሁ፦
"ሂድ፣ ወንድሜ፣ ሂድ! ሌላ ከተማ ፈልጋት፤
አልቴ እዚህ ቤት የለችም፤ ኖራም አታውቅ፣ አላውቃት።"